እነ እማዬ ኢየሩሳሌም የሄዱበት ሁዳዴ

ባለፈው መጋቢት ለአባቴ ሙት ዓመት ወደ ሚዛን ተፈሪ ስወርድ፣ ቦንጋን አልፈን ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል መጋረድ ሲጀምር ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «አብቧል» አለ። ምን እንዳበበ መናገር አላስፈለገውም። ሽታው ወዲያው ሚኒባሱን ሞላው። የቡና አበባ ሽታ ጣፋጭ ነው፤ ሲበዛ ግን ራስ ያዞራል፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ሽቶ በተቀቡ ሴቶች መሐል ተጣብቦ እንደ መቀመጥ ነው። ሦስት ወይ አራት ቀን ይቆይና ነጩ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ።

«አለርጂ አለብሽ እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ።

«አዎ» አልኳት።

አለርጂ የለብኝም። አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ጓሯችን እንዲህ አብቦ በነበረበት ሰሞን፣ አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር አፍንጫዬን እሸፍናለሁ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ በረንዳችን ላይ በእግር በምትነዳ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ አባዬ የቡና ችግኝ ጣቢያ ይሠራል። ወንድሜ ናሆም ስድስት ዓመቱ ነበር። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን እማዬና ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ በረንዳ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ወይንሸት፣ እንግዲህ ስለት አለብሽ፤ አይቆይ» አሉ እማማ ዘውዴ።

«አይቆይም፤ ዘንድሮ እንሄዳለን» አለች እማዬ።

እኔ የማውቀው ስለት የቢላዋ ስለት ነው። እማዬ ሰውነት ውስጥ የሆነ የተሳለ ነገር አለ፣ ሊወጣላት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ብዙ ቀን ሳትነግረኝ የት ጋ እንደሚያማት ለማወቅ አካሄዷን ሳይ ከረምኩ። መኪናውን እየነዳች ድንገት ስታቆም «ወጋት» እላለሁ በልቤ። ለካ ክር ሲበጠስባት ነው የምታቆመው።

ኢየሩሳሌም እንደሚሄዱ ሲነግሩን ደግሞ ባሰብኝ። እኔ ኢየሩሳሌም የምትባለውን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሲሞት «ነፍሱን በሰማያዊት ኢየሩሳሌም ያኑርልን» ይባላል። አባዬ «እኔና እናታችሁ ኢየሩሳሌም ልንሳለም ነው፤ ለፋሲካ እዚያ እንሆናለን፣ ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን» ሲል፣ ናሆም «ከረሜላ አምጡልኝ» አለ። እኔ ምንም አምጡልኝ አላልኩም። እዚያ ከሄዱት ሰዎች ውስጥ የተመለሰ አላውቅማ።

«ምነው ሜሮን? አይዞሽ፣ አክስታችሁ ትመጣለች» አለችኝ እማዬ።

አክስታችን ማርታ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው ማሻ፣ አባዬ በተወለደበት አገር ነው። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት፤ ልጅ አልወለደችም። ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለቴ ብቻ ነበር። ከቴፒ በመጣው አውቶቡስ ደርሳ ስትወርድ በአንድ እጇ አንድ ጀሪካን የጫካ ማር፣ በሌላው የቆጮ ጥቅል ይዛ ነበር። ረጅምና ቀጭን ናት። ስትስመን ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር፤ የማሻ ብርድ አብሯት የመጣ መሰለኝ። አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ረጅም ነገር አትናገርም። አባዬን ግን በእነሱ ቋንቋ ስታናግረው ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፣ ትስቃለች፤ እሱም ይስቃል።

እማማ ዘውዴ አልወደዷትም። «ጴንጤ ናት እኮ» አሉ ለእማዬ፣ እኔ እየሰማሁ። «ጾም አታውቅ። እነዚህን ልጆች በሁዳዴ ወተት ብታጠጣቸውስ?»

«የልጆቹ አባት እህት ናት፤ ከእሷ የሚቀርብ ማን አለ?» አለች እማዬ። ግን ፊቷ ላይ ሐሳብ አየሁ።

ስለዚህ ይመስለኛል እማዬ ከመሄዷ በፊት ረጅም ወረቀት ጽፋ የብፌው በር ላይ የለጠፈችው። ምን ቀን ምን እንደምንበላ፣ ዩኒፎርማችን መቼ እንደሚታጠብ፣ ናሆም በየስንት ቀኑ ገላውን እንደሚታጠብ፣ ማታ ማታ አጎበሩ ከፍራሹ ሥር እንዲታጠፍ፤ ሁሉም በተራ ተጽፏል። ከታች ሁለት መስመር የተሰመረበት አለ፦ «ናሆም ትንሽ እንኳ ከሞቀው ያንኑ ሰዓት ሐኪም ቤት።»

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። እማዬ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ለራሷ ልብስ ሰፍታ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አባዬ የተዋሰው ኮት ሰፍቶት እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖታል። ሁለቱ ጎን ለጎን በመስኮት ሲያዩን እማዬንና አባዬን አይመስሉም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የወጡ ሙሽሮች ይመስላሉ። እኔ እንደማላያቸው እርግጠኛ ስለነበርኩ አልቅሼ አላባራ አልኩ። አክስቴ ማርታ አንገቴን ይዛ ሆዷ ላይ አስጠጋችኝና «ይመጣሉ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ቤት ስንደርስ ብፌው ፊት ቆማ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሜሮን፣ አንብቢልኝ።»

ማንበብ እንደማትችል፣ እማዬም ወረቀቱን የተወችው እኔ እንዳነብላት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አነበብኩላት። ሁለተኛ ቀን እንደገና አስነበበችኝ፤ እንዳትረሳ ብላ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ «ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ለስላሳ ይጠጣሉ» አልኳት። እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም።

«ለስላሳ?»

«አዎ። አንድ አንድ።»

ሄዳ ገዝታ መጣች። ናሆም በደስታ ዘለለ። እሷ እኛ ስንጠጣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያየችን ፈገግ ትላለች። ሐሙስ ቀን ደግሞ ሒሳብ የቤት ሥራ እንደሌለ አነበብኩላት፤ ዓርብ ናሆም ገላውን እንደማይታጠብ። የፈለግሁትን አነባለሁ፣ ትፈጽማለች። ትልቅ ሰው አፌን ጠብቆ የሚሄድበት ቤት ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ያኔ ቀመስኩ፤ ጣመኝም።

የእሷን ጥንቃቄ ግን ዛሬ ነው የማየው። እሷ ራሷ አትጾምም። እኛን ግን ከእማዬ ይበልጥ ነው ያስጾመችን። ዘይት የሚገዛበትን ሱቅ ሄዳ ቅቤ ያልነካው መሆኑን ትጠይቃለች። የእኛ ጽዋ ከእሷ ጽዋ ጋር እንዳይነካካ ለብቻ አስቀምጣው ነበር። ማታ፣ ገና ሳይመሽ፣ ትንኝ ከመውጣቱ በፊት አጎበሩን ዘርግታ በዙሪያው እየተንበረከከች ከፍራሹ ሥር ታጥፈዋለች፤ አንድ ቀዳዳ ስታገኝ መርፌና ክር አምጥታ ቆማ ትሰፋዋለች። ናሆም ሲያልበው እንኳ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ ትቆያለች።

ስልኩ የአባዬ አሮጌ ቁልፍ ስልክ ነበር። እኛ ሰፈር ኔትወርክ አይዝም፤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደሚደውሉ ተነጋግረው ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስታችንም ጉብታው ላይ ቆምን። እኔ እንደማይደውሉ አውቃለሁ። ከሰማይ ስልክ አይደወልም።

ጮኸ። አክስቴ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«ሜሮኔ!» እማዬ ናት። «ደረስን እኮ! ደረስን!»

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ኢየሩሳሌም ነዋ! ምን ማለትሽ ነው?»

«አልሞታችሁም?»

ሳቀች፣ አለቀሰችም። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሱቅ አለ፣ መኪና አለ፣ ድመት አለ። ሰው የሚኖርበት አገር ነው» አለችኝ። ያን ቀን እንደ ወፍ ቀለለኝ። ከጉብታው እየሮጥኩ ወረድኩ።

ፍርሃቱ ሲለቀኝ ግን ቦታው ባዶ አልቀረም። ድመት ያለበት፣ ሱቅ ያለበት አገር ከሆነ እኛን ለምን አልወሰዱንም? ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ «እናትና አባትሽ ሊዝናኑ ጥለዋችሁ ሄዱ፤ ፋሲካን ያለ እነሱ ልትውሉ ነው» አለችኝ። «ስለት ነው» አልኳት። «ስለት ያለበት ሰው ቤቱ ሆኖ ይጾማል» አለች። ቤት ገብቼ ምሳዬን አልበላም አልኩ። አክስቴ ማርታ ማር በውኃ በጥብጣ አመጣችልኝ። «አልፈልግም፣ አንቺ እናቴ አይደለሽም» አልኳት። ጽዋውን ይዛ ትንሽ ቆመችና «አይደለሁም» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ዘግይቶ የነበረው ዝናብ አንድ ሌሊት ዘነበ፤ የጓሯችን ቡና በስምንተኛው ቀን ጠዋት ነጭ ሆኖ ተገኘ። ንብ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ቤቱ፣ ልብሳችን፣ ደብተራችን ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ጉብታው ላይ ወጣን። በጉብታው ጀርባ ያለው የቡና ማሳ ሁሉ አብቧል፤ ናሆም ገና ስልኩ ሳይጮህ አበባ ሊቆርጥ ወደ ታች ሮጠ። «ናሆም! ና!» ብላ አክስቴ ስልኩን እጄ ላይ ጥላ ተከተለችው። ያን ጊዜ ጮኸ።

እማዬ እየሳቀች ነበር የጀመረችው። መናገር አልቻለችም። «ሜሮኔ፣ አባትሽ…» ትልና ትስቃለች። ከኋላዋ አባዬም ሲስቅ ይሰማኛል፣ «አትንገሪያት፣ አትንገሪያት» ይላል። «አባትሽ ግመል ላይ ወጥቶ… ግመሉ ሲነሣ ኮቱ… ወይኔ ፊቱን ብታዪው… መነኩሴዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ…»

እማዬ ቤት ውስጥ እንዲህ ስቃ አታውቅም። አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው፤ ያውም አጭር። ይህ ሌላ ሳቅ ነበር፣ የወጣት ልጅ ሳቅ። እኛ በሌለንበት ነው የምትስቀው ብዬ አሰብኩ። እኛ ስለሌለን ነው ብዬ አሰብኩ።

«ናሆምዬስ? ስጪኝ እስቲ» አለች።

ናሆም ከታች በቡናው መሐል እየዘለለ ነው፤ ነጭ ሸሚዙ ይታየኛል።

«ተኝቷል» አልኩ።

«በዚህ ሰዓት?»

«አሞታል።»

ሳቁ ቆመ። እንደ ቆመ እስካሁን ይሰማኛል።

«ምን አለው?»

«ያተኩሰዋል። ዓይኑን አይገልጥም።»

ይህን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ናሆም ሁለት ዓመቱ ላይ ወባ ይዞት ነበር። እማዬ ያን ጊዜ ለሰው ስታወራ ሁልጊዜ «ሦስት ቀን ዓይኑን አልገለጠም» ትልና እዚያ ላይ ድምጿ ይቆረጣል። ስለቱም የዚያን ጊዜ ስለት እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ቃሉ እንደሚያስለቅሳት ግን ያኔም አውቅ ነበር። የሚያማትን ቦታ ፈልጌ ነው የነካኋት።

«ማርታስ የት አለች? ሐኪም ቤት ወስዳዋለች?»

«አልወሰደችውም።»

«ለምን? የት ናት?»

«እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አልኩ።

«ታደሰ!» ብላ አባዬን ስትጠራ ሰማሁ። ድምጿ ሌላ ሆነ። ፈራሁ። ውሸት ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ጣቴ ቀደመኝ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያም ስልኩ ራሱ እስኪጠፋ ይዤው ቆየሁ።

አክስቴ ናሆምን አዝላ እያለከለከች መጣች። «ደወሉ?»

«ተቋረጠ» አልኳት። «ደህና ነን ብለዋል።»

ትልቁ ዝናብ ያን ቀን ከሰዓት መጣ። ነፋሱ ከየቤቱ ቆርቆሮ ገነጠለ፣ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክም አብሮ ሄደ። ከተማው እስከ ሐሙስ ድረስ አልተመለሰለትም። እሑድ፣ ሆሣዕና፣ ዘንባባ ጭንቅላታችን ላይ አስረን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጉብታው ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ስልኩ ላይ አንድም መስመር የለም። ቢኖርም እንዴት እንደሚደወል አላውቅም። ሰኞም ወጣሁ። ማክሰኞ አበባው ረግፎ መንገዱ ሁሉ ቡናማ ጭቃ ሆኖ ነበር።

ያን ሳምንት ናሆምን እንደ ጥላ ተከተልኩት። ያልኩት ነገር በእርግጥ እንዳይደርስበት ፈርቼ ነው። በየሰዓቱ ግንባሩን እነካዋለሁ። ሲተኛ ዓይኑን ይገልጥ እንደሆነ ለማየት ሽፋሽፍቱን ጎትቼ አስነሥቼዋለሁ። «ተዪኝ!» ብሎ ነከሰኝ። አክስቴ አየችኝ።

«ሜሮን፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም» ብላ ደገመችው፤ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ምናልባት ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዳ የአዲስ አበባ ሾፌር ፈልጋ ቃል ትልክ ነበር። አልነገርኳትም።

ስቅለት ዕለት ረፋድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። እሷ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከግቢው አጥር አጠገብ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ጫማችንን ይዛ ትቀመጣለች። ናሆም ትንሽ ሰግዶ ደከመውና ወደ እሷ ሄደ። እኔ ከሴቶቹ ጋር መስገዴን ቀጠልኩ። በየስግደቱ «ይቅር በለኝ» እላለሁ፤ ግንባሬ አፈር ሆኗል። ቀና ስል በበሩ አንዲት ሴት እየሮጠች ስትገባ አየሁ። ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። እማዬ ነበረች።

ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከአውቶቡስ ወርደው ቤት ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። አንድ መንገደኛ «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አላት። እሷ የሄዱት ናሆምን ሊቀብሩ መስሏታል። ከቤታችን እስከዚያ ዳገቱን ሮጣዋለች።

በሰጋጁ መሐል የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየች ስታልፍ፣ እኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ አልጠራኋትም። ከዚያ ዋንዛው ሥር አየችው። ናሆም አክስቴ ጭን ላይ ተቀምጦ ከዘንባባ ቀለበት እየሠራ ነው። እማዬ ሁለት እጇን ዘርግታ ሄዳ ፊቱ ላይ ተደፋች፤ ዓይኖቹን ሳመች፣ ግራና ቀኙን፣ ደጋግማ።

«እማዬ፣ ከረሜላዬስ?» አለ ናሆም።

አባዬ ዘግይቶ ደረሰ። ናሆምን አየው፣ እህቱን አየ፤ «ቤት እንሂድ» አለ።

ቤት ገብተን በሩ ተዘጋ። አባዬ አልተቀመጠም። ያ ሰፊ ኮት አሁንም ላዩ ላይ ነው።

«ልጁ መቼ ነው የዳነው?» አላት።

«ከምን?» አለች አክስቴ።

«ከምን ትለኛለች! ዓይኑን አልገለጠም ተባልን እኮ! ከትንሣኤው በፊት፣ ከምንም በፊት፣ ሰው እየለመንን፣ አንድ ሌሊት ሳንተኛ ነው የመጣነው!»

አክስቴ ቀስ ብላ ዞረችና ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ብፌው አጠገብ፣ ወረቀቱ የተለጠፈበት ጋ ነበርኩ። እጆቼን ከኋላዬ ደብቄያለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሷ ጊዜ ሰጠችኝ፤ እንደ ሰጠችኝ ዛሬ አውቃለሁ። ብዙ ቆየች፣ እያየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «ሞቆት ነበር። አንድ ቀን። እኔ ነኝ ለልጅቷ ያልኳት።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ይተወዋል ብዬ።»

«ይተወዋል ብለሽ!» አባዬ ጠረጴዛውን መታ። «ተጽፎልሽ! ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት! አንቺ ጸሎት ቤት ሄደሽ ልጄ እዚህ…» ተነፈሰ። ከዚያ ከአፉ የወጣውን እሱም ራሱ አስቦ ያወጣው አልመሰለኝም። «ወልደሽ ስለማታውቂ ነው» አላት።

እማዬ «ታደሰ!» ብላ ጮኸች። ግን ተብሏል።

አክስቴ ማርታ ፊቷ አልተለወጠም። የናሆምን ጫማዎች አወለቀችለት፣ ሁለቱንም አስተካክላ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ለፋሲካ በግና ዶሮ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እሷ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቴፒ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። እማዬ «እትዬ ማርታ፣ በዓሉን እንኳ» ብላ እስከ በር ተከትላት ነበር። አባዬ ጓሮ ነበር። ናሆም አልቅሶ አላባራ አለ። እኔን ስትስመኝ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለች፤ የምትናገረኝ መስሎኝ ነበር። ምንም አላለችኝም።

ዶሮው የዚያን ፋሲካ አልጣመም። እማዬ ገና በጠዋቱ የስፌት መኪናዋ ጋ ሄዳ ምንም ሳትሰፋ ተቀመጠች። አባዬና አክስቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ አልተገናኙም። እሱ ኩሩ ነው፤ እሷም አትለምንም። እማዬም ሌላ ጊዜ ኢየሩሳሌም አልሄደችም፤ መጀመሪያ የእኛ ትምህርት፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ የአባዬ ሕመም። አባዬ ሲቀበር አክስቴ መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ፣ አፈሩ ሲመለስ ተነሥታ ሄደች።

እናም ባለፈው መጋቢት፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ እንግዳ ሲበተን፣ ለእማዬ ነገርኳት። እያለቀስኩ፣ ሁሉንም፣ ሳቋን ሳይቀር። ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ አላቆመም።

«ሆሣዕናን እዚያው አይቻለሁ» አለች። «እያለቀስኩ ነበር እንጂ አይቻለሁ።» ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። «ለእኔ ምን ታደርጊልኛለሽ? ሂጂና ለእሷ ንገሪያት።»

በማግስቱ በቴፒ በኩል ማሻ ወጣሁ። ከቴፒ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው፣ ጭጋግ ነው። አክስቴ ማርታ ቤቷ በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፤ ድምፄን ግን ለየችው። አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበቷን ይዤ «እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ አንቺም ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ፀጉሬን ነካችው። «ልጅ ነበርሽ። ያን ቀን አባትሽ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ልጅን በዚያ ቁጣ አይሰጡም።»

«እሱ ግን እስኪሞት ድረስ…»

ውጭ አንድ ሰው ፍየል እየነዳ አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ይቆጣል፣ ለበዓሉ ይተወዋል፣ መጥቶ ይወስደኛል ብዬ ነበር። እዚህ በር ላይ ሆኜ እሑድንም ሰኞንም ጠበቅሁት። እንዲህ ይረዝማል አላልኩም።»